ያልተጠጣ ጉድጓድ

ሰረገላው የከተማውን በር ሲያልፍ የግራው ጎማ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ዘለለ። ቀለም ቀቢዋ በጉልበቶቿ መሀል የያዘችውን የቆርቆሮ ቱቦ በሁለት እጇ አቀፈችው።

«ቀስ ይበሉ እንጂ አባባ! ጎማው ከወለቀ በእግራችን ልንደርስባቸው ነው?»

«ይውለቅ!» አሉ ሽማግሌው በቅሎዋን ደግመው እየሾጡ። «ቀስ የምንልበትን ጊዜ ያንቺ ብሩሽ በልቶታል።»

የጭካኔ ንግግር ነበር። ግን እውነት ነበር።

ሽማግሌውን በካርታ ቤት ያለ ሰው ሁሉ «ሰንሰለት» ብሎ ነው የሚጠራቸው። አርባ ዓመት ሙሉ የመለኪያ ሰንሰለት እየጎተቱ አገሩን በእግራቸው ለክተዋል፤ ሁለቱም ጉልበቶቻቸው ያለቁት እዚያ ነው። እሷ ደግሞ በዚያው ቤት አሥራ ስምንት ዓመት ካርታ ቀብታለች። ተራራውን ቡናማ፣ ደኑን አረንጓዴ፣ ውሃውን ሰማያዊ። አሁን ሁለቱ ያለ ፈቃድ፣ በተከራዩት ሰረገላ፣ ከትናንት በስቲያ ወደ ምሥራቅ የወጣውን ጦር እያሳደዱ ነው። ጦሩ ስምንት መቶ ሰው ነው። ከስምንት መቶው አንዱ አሥር አለቃ ነው፣ የእሷም ልጅ ነው፣ ሌላ ልጅም የላትም።

በካርታ ቤት አንድ የቆየ ሥርዓት አለ። የውሃ ጉድጓድ በካርታው ላይ በትንሽ ክብ ይጠቆማል። ለኪው ራሱ ቦታው ደርሶ ከጉድጓዱ ጠጥቶ ከሆነ ክቡ በሰማያዊ ይሞላል። ከነጋዴ ወይም ከመንገደኛ በወሬ የሰማው ብቻ ከሆነ ክቡ ባዶውን ይቀመጣል። ጠጥቶ ሳይመለስ ክብ የሚሞላ ለኪ እንጀራውን ያጣል። ሽማግሌው በዚህ ሥርዓት የተነሳ አንድ ጊዜ የበሰበሰ ውሃ ጠጥተው ወር ሙሉ ተኝተዋል፤ ተነሥተው መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ክቡን መሙላት ነበር።

በምሥራቁ ሜዳ ላይ ሁለት ባዶ ክቦች ነበሩ። በሽማግሌው የጉዞ ደብተር ከሃያ ዓመት በፊት እንዲህ ተጽፏል፦ «እዚህና እዚህ ውሃ አለ ይላሉ። እኔ አልደረስኩም።»

ታዲያ ባለፈው ዓመት የምክር ቤቱ አዳራሽ ሲታደስ፣ ለግድግዳው የሚሆን ትልቅ ካርታ ታዘዘ። ቁመቱ የሁለት ሰው፣ ስፋቱ የአራት። ሥራው ሊያልቅ ሲል ሚኒስትሩ ከነአጃቢዎቻቸው ሊያዩት መጡ። ወርቃማ እጀታ ባለው ዘንጋቸው ባዶዎቹን ክቦች አንድ በአንድ እየነኩ ሄዱና ሳቁ።

«ይሄ ሁሉ ባዶ ምንድን ነው? አገራችን ጥርሷ የረገፈ አሮጊት መሰለችኮ!»

አጃቢዎቹ ከሚገባው በላይ ሳቁ። የካርታ ቤቱ አለቃም ሳቀ። ሥርዓቱን ማስረዳት የነበረበት እሱ ነው፤ ሽማግሌው በተራራው አውራጃ ለልኬት ወጥተው ነበር።

«የታላቅ አገር ካርታ "አላውቅም" አይልም» አሉ ሚኒስትሩ። «ሙሏቸው።»

አለቃው «እሺ ክቡርነትዎ» ለማለት አንድ ትንፋሽ እንኳ አልፈጀበትም።

እንዲህ ያሉ ሰዎች በየዘመኑ አሉ። ለነሱ አገር ማለት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነገር ነው። ሲሰፋ ታላቅ የሆነ፣ ሲደምቅ የተከበረ ይመስላቸዋል። ግድግዳው ላይ ያለችው አገር አትራብም፣ አትጠማም፣ መንገዷ በጭቃ አይዘጋም፤ ስለዚህ ሲወዷት ምንም አያስወጣቸውም። መሬት ላይ ያለችውን ግን ዞር ብለው አያዩም፤ ያየላቸውን ሰው ደግሞ ይጠሉታል።

እሷ ሞላቻቸው። ለምን እንደሞላች ራሷን ደጋግማ ጠይቃለች፤ መልሱ ግን አንድ ነው፤ ደስ ብሏት ነበር። ሰማያዊውን ራሷ ነበረች የበጠበጠችው፤ እንደዚያ ያለ ሰማያዊ ከዚያ በፊት ወጥቶላት አያውቅም። ሚኒስትሩም ተመልሰው መጥተው አይተውት «እጅሽ የተባረከ ነው» ብለዋታል። ደግሞስ የግድግዳ ካርታ አይደል? ከግድግዳ ላይ ውሃ የሚቀዳ ማን አለ ብላ ነበር።

ግን ካርታ ቤቱ ሌላም ሥርዓት ነበረው። ትንንሾቹ ካርታዎች ሁሉ የሚገለበጡት ከትልቁ ነው። የጦር መሥሪያ ቤቱ የጉዞ ካርታ ሲጠይቅ፣ ሁለቱ ገልባጮች ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዳደረጉት ከትልቁ ላይ ገለበጡ። ክቡ ሙሉ ነው፣ ሞሉት። አለቃው ቀይ ሰም አፍስሶ ማኅተሙን መታበት። ጦሩ ወጣ። በማግሥቱ ሽማግሌው ከልኬት ተመለሱ፤ ትቢያቸውን እንኳ ሳያራግፉ ጠረጴዛ ላይ የቀረውን ቅጂ አዩና «ከዚህ የጠጣው ማነው?» ብለው ጠየቁ።

አለቃውን ለጦሩ አዛዥ ደብዳቤ እንዲጽፍ ለመኑት፤ «ሚኒስትሩን ውሸታም ልበላቸው?» ብሎ በሩን ዘጋ። ቀለም ቀቢዋ በዚያው ሰዓት መዝገብ ቤት ገብታ የመጀመሪያውን የልኬት ወረቀት ሰረቀች። በቱቦው ውስጥ ያለው እሱ ነው።

በሁለተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ከመጨረሻው ምሽግ ደረሱ። ከምሽጉ በስተጀርባ አንድ ጥልቅ ጉድጓድ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሜዳው ጠፍጣፋና ነጭ ሆኖ እስከ ሰማዩ ጥግ ተዘርግቷል። ጦሩ አልተነሣም ነበር። ቀለም ቀቢዋ ድንኳኖቹን ስታይ ከሰረገላው ሳትወርድ ማልቀስ ጀመረች።

«እማዬ!»

ልጇ የፈረስ ኮርቻ በትከሻው ተሸክሞ ቆሞ ነበር። ረጅምና ወፍራም ነው፤ በፀሐይ ጠቁሯል።

«ምሳዬን ረስቼ ወጣሁ እንዴ? እዚህ ድረስ ይዘሽልኝ መጣሽ?»

ጓደኞቹ ሳቁ። «የአሥር አለቃ እናት መጡ! አሥር አለቃ፣ አፍንጫህን አስጠርግ!» አለ አንዱ።

«ኮሎኔሉ የት ናቸው?» አለች። ልጇ ፊቷን አየና መቀለዱን ተወ።

ኮሎኔሉ በድንኳኑ ውስጥ በተጣጣፊ ጠረጴዛ ላይ ካርታውን ዘርግቶ ነበር። ሞኝ ሰው አልነበረም፤ ክፉም አልነበረም። ሽማግሌውን ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው፣ ውሃ አስመጣላቸው፣ ባዶዎቹን ክቦች በልኬት ወረቀቱ ላይ እያሳዩ እስኪጨርሱ ሳያቋርጥ ሰማቸው። ከዚያ የሰሙን ማኅተም በጣቱ ነካ።

«ስለዚህ ውሃ የለም ነው የሚሉኝ።»

«የለም አላልኩም።»

«እና አለ?»

«አለም አላልኩም። አላውቅም ነው የምልዎት፣ ጌታዬ።»

«አባባ፣ ስምንት መቶ ሰው ይዤ "አላውቅም" ስለተባልኩ ልመለስ?»

«አዎ! ለዚህም አይደል ሮጠን የመጣነው?»

ኮሎኔሉ ወደ እሷ ዞረ። «አንቺስ?»

«እኔ ነኝ የሞላኋቸው» አለች። «ማንም አልጠጣባቸውም። ሚኒስትሩ ሙሏቸው ስላሉ ሞላሁ።»

ጥግ ላይ የተቀመጠው ጸሐፊ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ይሄን ባልነገርሽኝ ይሻል ነበር» አለ ኮሎኔሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እስካሁን ብመለስ ስለ ውሃ ብዬ ነበር። አሁን ብመለስ ሚኒስትሩ ዋሹ ብዬ ነው።» ተነሣና በድንኳኑ ውስጥ ተንጎራደደ። «ደግሞ ንገሩኝ እስቲ፣ አገር ታላቅ የሚሆነው በምንድን ነው? ቁጭ ብሎ በመጠራጠር? ያ ሜዳ የኛ ነው እንላለን። የኛ ከሆነ እንሂድበታ! ካልሄድንበት ጎረቤት ይሄድበታል።»

ሽማግሌው ጉልበታቸውን ደግፈው ተነሡ።

«ታላቅ! ከመጣሁ ጀምሮ በከተማው የምሰማው ይሄንኑ ነው። ታላቅ፣ ታላቅ! ስማኝ ልጄ፤ ኮሎኔል ብትሆንም የልጄ እኩያ ነህ። እኔ በእግሬ የለካኋት አገር እናንተ ከምትሏት ታንሳለች። ድሃም ናት። ግን ያለችው እሷ ናት። ሰው የሚኖረው ባለችዋ ውስጥ ነው። እናንተ በምትሏት ውስጥ ሰው አይኖርም፣ ይሞታል እንጂ! ሚኒስትርህ ያላወቀውን አላውቅም ማለት ስላሳፈረው፣ ስምንት መቶ እናት ጥቁር ትልበስለት?»

ጸሐፊው አንገቱን ደፋ። ኮሎኔሉ አልተቆጣም።

«አሥር ፈረሰኛ እልካለሁ» አለ በመጨረሻ። «የአራት ቀን ውሃ ይይዛሉ። የመጀመሪያው ጉድጓድ የሁለት ቀን መንገድ ነው። ውሃ ከሌለው ወዲያው ይመለሳሉ፤ እኔም ጦሩን ይዤ እመለሳለሁ፤ የመጣው ይምጣብኝ። እስከ አራተኛው ቀን ማታ እጠብቃለሁ።»

«ካልተመለሱስ?»

«ካልተመለሱ ውሃ አግኝተው እዚያው ይጠብቁናል ማለት ነው። በማግሥቱ እንነሣለን። ወታደር ወደ ኋላ የሚሮጠው ክፉ ወሬ ሲኖረው ነው።»

«ወሬውን የሚያመጣ ሰው ከጠፋስ?»

«ከአሥር ሰው አንድ የሚመለስ አይጠፋም» አለ ኮሎኔሉ። ከዚያ ወደ ደጁ ጮኸ፦ «በፈረስና በሜዳ የተሻለው አሥር አለቃ ማነው? ጥሩልኝ!»

የገባው ልጇ ነበር።

ቀለም ቀቢዋ አፏን ከፈተች። «ልጄ ነው፣ ሌላ ይላኩ» ማለት ትችል ነበር፤ ኮሎኔሉም እሺ ይላት ነበር። ግን ሌላ ቢላክ የሌላ ሴት ልጅ ነው፤ የሚሄደውም እሷ ወደሞላችው ጉድጓድ ነው። አፏን መልሳ ዘጋችው።

ፈረሶቹ ሲጫኑ አጠገቡ ቆመች። የውሃ ስልቻዎቹ አዲስ ነበሩ። ለበዓል ሰልፍ ተብለው የአገሩ አርማ በቀይ ቀለም ተቀብቶባቸዋል። ሽታውን አወቀችው፤ ለእንጨት የሚሆን ቀለም ነው። ቆዳ ላይ ሲደርቅ ቆዳውን ይዞት ይሰነጠቃል። ይህን ያንጊዜ ማሰብ ነበረባት። ሌላ ማንም ሊያውቀው የማይችል፣ እሷ ብቻ የምታውቀው ነገር ነበር። ያን ሰዓት ግን በአእምሮዋ ውስጥ ከሁለቱ ክቦች ሌላ ምንም አልነበረም።

«እኔ ነኝ የሞላሁት» አለችው።

«ሰማሁ። ድንኳን ግድግዳ የለውም፣ ጦሩ ሁሉ ሰምቷል።» ጎንበስ ብሎ ግንባሯን ሳማት። «እማ፣ ተይ አሁን። ውሃ ከሌለ በአራተኛው ቀን ከነአቧራዬ ከች እላለሁ። ካለም ጥሩ፤ ሥራሽ ትክክል ሆነ ማለት ነው።»

«አትቆፍሩ። ከሌለ ዝም ብላችሁ ተመለሱ።»

«እሺ ጌታዬ!» ብሎ እንደ ወታደር ሰላምታ ሰጣትና በሳቅ ተፈናጠጠ።

ሦስት ቀን አለፈ። ቀለም ቀቢዋ ከምሽጉ ግንብ ላይ አልወረደችም። ሽማግሌው ምግብ ያመጡላታል፤ ትነካካውና ትተወዋለች።

በአራተኛው ቀን ቀትር ላይ ከነጩ ሜዳ አንድ ነጥብ ወጣ። አንድ ፈረስ ነው፤ ሁለት ሰው ተፈናጦበታል። ሁለቱም ቀጫጭኖች ናቸው። እሷ ከሩቅ ትከሻቸውን አይታ ልጇ እንዳልሆነ ዐወቀች።

አንደኛው ከፈረሱ እንደወረደ ወደቀ። ሁለተኛው ለኮሎኔሉ ቆሞ ለመናገር ሞከረ፤ ምላሱ አብጦ ነበር።

«ጉድጓድስ አለ፣ ጌታዬ። ድንጋይ ሞልቶታል። ከደረቀ ዘመኑን እንጃ።»

«ለምን ሁላችሁም አልተመለሳችሁም?»

«ስልቻዎቹ አፈሰሱ። አርማው ያለበት ቦታ እየተሰነጠቀ አፈሰሰ። ስንደርስ አብዛኞቹ ባዶ ነበሩ፤ መመለሻ አልቀረንም። አሥር አለቃው አትቆፍሩ አለ። ሰዎቹ ግን የመንግሥት ካርታ ነው፣ ማኅተም አለበት፣ ውሃ ባይኖር አይሉም ነበር ብለው እንቢ አሉ። ግማሽ ቀን ቆፈርን። አፈር ነው።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ከዚያ የቀረውን ውሃ ሁሉ በሁለት ኮዳ አጠራቀመ። "ማንም ካልደረሰ ጦሩ ይነሣል፤ አንድ ሰው መድረስ አለበት" አለን። ዕጣ እንጣል ያለ ነበር፤ አልፈቀደም። በእግሩ የቆመ ፈረስ አንድ ብቻ ቀርቶን ነበር፤ ሩቅ እንዲሄድ ቀላሎቹን መረጠ። እኛን።»

«እሱስ?» አለች ቀለም ቀቢዋ።

ወታደሩ ማን እንደሆነች አያውቅም ነበር።

«እሱ ከባድ ነው። "እናቴ አብልታ አብልታ አበላሸችኝ" እያለ ይስቅብን ነበር።»

ኮሎኔሉ ቆቡን አወለቀ። ከዚያ የመመለሻ ትእዛዝ ሰጠ።

ቀለም ቀቢዋ ለፍለጋ ሃያ ፈረሰኛ ለመነችው። ስልቻዎቹን አሳያት፤ ሁሉም ያው ቀይ አርማ ነበራቸው። «ሃያ ልኬ ሃያውን ልፈልግ?» አለ። እውነቱን ነበር፤ የዚህ ሁሉ ክፋቱ ደግሞ ያ ነው። በዚያ ሰዓት በምሽጉ ውስጥ የሚናገር ሰው ሁሉ እውነት ይናገር ነበር። ውሸቱ የተነገረው ከዓመት በፊት፣ በሳቅ መሀል፣ ምንጣፍ በተነጠፈበት አዳራሽ ነው፤ የተናገረውም ሰው ያን ቀን ምሳውን በልቶ ተኝቷል።

ኮሎኔሉ ለጸሐፊው ሪፖርት አስጻፈ፦ «ጦሩ የምሥራቁን ድንበር ጎብኝቶ በክብር ተመልሷል።» ጸሐፊው «ስምንቱስ?» ብሎ ጠየቀ። ኮሎኔሉ «በሌላ ወረቀት» አለ። ያ ሌላ ወረቀት እስከ ዛሬ የት እንዳለ አይታወቅም።

ጦሩ ከቀትር በኋላ ድንኳኑን ነቀለ። ወታደሮቹ ተራ ይዘው ከጉድጓዱ ኮዳቸውን ሲሞሉ ያጉረመርሙ ነበር።

«ሳንዋጋ! ሰው ምን ይለናል?»

«በሽማግሌና በቀለም ቀቢ የተመለሰ ጦር ይለናል፣ ሌላ ምን ይለናል።»

«ያቺ ናት አሉ። ያቺ፣ ገመድ የምትስበው።»

«ፈሪ የወለደችው...»

«ዝም በል፤ ትሰማሃለች።»

ሰምታለች። ቀና አላለችም። ስምንት መቶ ጤነኛ፣ ውሃ የጠገበ ሰው ነበር የሚያጉረመርመው። በማግሥቱ ተነሥቶ ሜዳው ላይ ሊወድቅ የነበረው እሱ ነው፤ የሞተለትም ስምንት ሰው ነው። ይህን የነገረው አልነበረም። ማን ሊነግረው? ለእንዲህ ያለው ነገር መለከት አይነፋም፣ አደባባይ ላይም ሐውልት አይቆምም። አገር ግን የቆመው በነዚያ ስምንት ላይ ነው፤ በግድግዳው ላይ አይደለም።

ቀለም ቀቢዋ ከምሽጉ ጠባቂ ሁለት የእንጨት በርሜል ለምና ሰረገላው ላይ አስጭናለች። ባልዲውን ትስባለች፣ ትገለብጣለች፣ መልሳ ትጥላለች። መዳፏ ተልጦ ገመዱ ደም ነክቶታል። ሽማግሌው በቅሎዋን ጠምደው ጨርሰው ያዩአታል። ርቀቱን ከማንም በላይ ያውቁታል። ሁለት ቀን መሄጃ፤ ፈረሱ ከወጣ ሁለት ቀን፤ ያለ ውሃ፣ በዚያ ፀሐይ። ሒሳቡን እሷም ታውቀዋለች። አሥራ ስምንት ዓመት ከእሳቸው ጋር ሠርታለች።

የጦሩ ባንድ መለከቱን ነፋ። ስምንት መቶው ሰው ወደ ምዕራብ መንቀሳቀስ ጀመረ። ስለ ታላቋ አገር የሚዘፈነው የሰልፍ ዜማ ነበር።

የመጀመሪያው በርሜል ሞላ። ክዳኑን በመዶሻ መታችና ባልዲውን መልሳ ጉድጓዱ ውስጥ ጣለችው።

«ልጄ» አሉ ሽማግሌው፤ ድምፃቸው እንደዚያ ለስልሶ አያውቅም። «አንድ ይበቃል። በቅሎዋ አንዲት ናት፣ መንገዱም አሸዋ ነው። ለስምንት ሰው መጠጫ አንዱ ይተርፋል።»

«አንዱ መጠጫቸው ነው፣ አባባ።»

«ሁለተኛውስ ምን ሊሆንሽ ነው?»

ገመዱን ስባ ጨረሰች፤ ባልዲውን በርሜሉ ውስጥ ገለበጠች፤ ከዚያ ቀና ብላ አየቻቸው።

«ካልጠጡ በሱ አጥባቸዋለሁ።»

ሽማግሌው የበቅሎዋን ልጓም ግንቡ ላይ አሰሩና መጥተው ገመዱን አብረዋት ያዙ።